የመራራው ሥር መሳቢያ

የመራራው ሥር መሳቢያ ከመደርደሪያው በስተግራ፣ ከታች በሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ይህ በሆነበት ጊዜ እዚያ የባህል መድኃኒት ቤት ከገባሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ያቺን መሳቢያ የምሞላት ሁልጊዜ በሁለት ወር አንዴ ነበር። ያን ዓመት ግን በመከሩ የጨረቃ በዓል ሰሞን ሞልቻት በሦስት ሳምንቱ ሳብ ባደርጋት እጄ ባዶ ጣውላ ነካ።

መጀመሪያ በአይጥ አሳበብኩ። ወዲያው በራሴ ሳቅሁ። ያን ሥር አንዴ ቀምሶ የሚደግም አይጥ አልተፈጠረም። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቅንጣት አፍ ውስጥ ከገባች ቀኑን ሙሉ ሻዩም ሩዙም መራራ ነው። ሥሩ ቢጫ ነው፣ እንደ ዶሮ እግር የተቆላመመ፤ የሚሰጠውም ሆዱ ውስጥ እሳት ላለበት ሰው ነው። እሳቱን ያበርድለታል። እሳት የሌለበት ሰው ከጠጣው ግን ያለችውን ሙቀትም ይነጥቀዋል። ይህን የማውቀው ተምሬ አይደለም። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ የምቆም መዛኝ ነኝ፤ ሐኪሙ ይጽፋሉ፣ እኔ እመዝናለሁ፣ በወረቀት ጠቅልዬ በክር አስራለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲመዝን የኖረ እጅ ግን አንዳንድ ነገር ያውቃል።

ሐኪሙ ሻዎ ዪንፑ ይባላሉ፤ ያኔ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። በእኛ ከተማ ሰው ሲያመው «ሂድ ታከም» አይባልም፤ «ሂድና ምላስህን ለሻዎ አሳይ» ነው የሚባለው። የእጅ ትርታም ይይዛሉ፣ ይጠይቃሉም፤ ልባቸው ያለው ግን ምላስ ላይ ነው። «ሰው ስለ ሕመሙ ሲያወራ ግማሹን ይረሳል፣ ግማሹን ያሳምራል» ይላሉ። «ምላሱ ግን እንዳደረ ነው የሚመጣው።» መልኩን፣ ውፍረቱን፣ ላዩ ላይ ያለውን ሽፋን ያያሉ። ሽፋኑ ነጭ ከሆነ ብርድ ነው፣ ቢጫ ከሆነ እሳት ነው። ነገሩ ከዚህ በጣም ይረቃል፤ ለመዛኝ ግን ይህ ይበቃል።

ጠረጴዛቸው በሰሜን በኩል ካለው መስኮት ሥር ነው። መብራት አያበሩም። ሰማዩ ከጠቆረ ሕመምተኛው ብርሃን እስኪመጣ ተቀምጦ ይጠብቃል። በሩ ላይ ቆሞ ሕጉን ማስከበር የእኔ ድርሻ ነው፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ የተፈጠርኩ ነኝ። «ምላሱን ፍቆ የመጣ ነገ ይመለስ!» እላለሁ። ሰዎቻችን፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት እንደሚጠረገው፣ ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ ሲሉ ምላሳቸውን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው ይመጣሉ። ሐኪሙ ሊያዩት የሚፈልጉትን ነገር ጠርገው ጥለው የታጠበ ምላስ ያሳያሉ። አፍረው ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሳገኝ አላዝንለትም። ሁለተኛው ጥያቄዬ «ምን በላህ?» ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ያስተማሩኝ ይህን ነበር፤ ወሽመላ ቢጫ ያደርጋል፣ ፕሪም ያጠቁራል፣ ወተት ያነጣል። «የበላውን ሳትጠይቂ ካሳለፍሽው የማየው ሕመሙን ሳይሆን ቁርሱን ነው» ነበር ያሉኝ።

ከበሩ በላይ ስማቸው የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የጻፉላቸው አስተማሪያቸው ናቸው። እኚያ አስተማሪ በእርጅናቸው አንድ ጊዜ በፕሪም የጠቆረ ምላስ አይተው በሽታ መሰላቸውና ለአንድ ገበሬ ከባድ መድኃኒት ጻፉ። ገበሬው አልሞተም። እሳቸው ግን ስህተታቸውን ባወቁበት ቀን የራሳቸውን ሰሌዳ አውርደው፣ በመጥረቢያ ፈልጠው ማገዶ አደረጉት፤ እስኪሞቱም ድረስ ሕመምተኛ አላዩም። ሐኪም ሻዎ ይህን ታሪክ በየአዲስ ዓመቱ እራት ላይ ያወሩታል፤ ባወሩት ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እኔም በየዓመቱ እንደ አዲስ እሰማለሁ።

ብርዱ ገባ። መሳቢያዋ አሁንም በየሦስት ሳምንቱ ትራቆታለች። ሰው ጓንቱን ሳያወልቅ ምላሱን በሚያወጣበት በዚያ ወቅት ይህ ሁሉ እሳት ከየት መጣ? ነገሩ ከነከነኝ። ባንኮኒዬ ከመስኮቱ አራት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ አንገቴን ሰገግ አድርጌ ማየት ጀመርኩ። ጀልባ ጠጋኙን አየሁ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አየሁ። አራስ የነበረችውን የጸጉር ቆራጩን ሚስት አየሁ። ለእኔ ዓይን የሁሉም ነጭ ነበር። ወረቀቱ ወደ ባንኮኒው ሲመጣ ግን «ሽፋን፦ ቢጫ» ይላል፣ ከሥሩም መራራ ሥር፣ ስድስት ግራም።

እኔ ማን ነኝ? አልኩ። ሐምሳ ዓመት ምላስ ካዩ ሰው ጋር የምከራከር እኔ ማን ነኝ? ሆድ ይፍጀው ብዬ መዘንኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ትሕትና አልነበረም። ፍርሃት ነበር። ዓይናቸው መሳሳቱን ቢያውቁ ሰሌዳው በዚያው ቀን ማገዶ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ጠረጴዛ በቀር ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ነገር የለም። እኔም ባሌን የቀበርኩ፣ ልጅ ያልወለድኩ ሴት ነኝ፤ ከዚያ ባንኮኒ ሌላ ቤት አለኝ ብል ውሸት ነው። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። እኔን ሩዋንን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ አያምንም።

ከአዲሱ ዓመት በኋላ አንድ ቀን የመጣልኝን ወረቀት ሳነብ የሕመምተኛው ስም ሻዎ ይላል። ሐኪሙ በየማለዳው በትንሽ የእጅ መስታወት የራሳቸውን ምላስ አይተው በደብተር ይጽፋሉ፤ የጥንት ልማዳቸው ነው።

«ለራስዎ ነው እንዴ ሐኪም?» አልኳቸው።

«ለራሴ ነው። እሳት በዝቶብኛል ሰሞኑን።»

እሳት በዝቶብኛል የሚሉት ሰው በሁለት ሹራብ ላይ ካፖርት ደርበው እጃቸውን በሻይ ብርጭቆ ያሞቁ ነበር። ቀበቷቸው ላይ በምስማር የከፈቱት አዲስ ቀዳዳ አለ። ጠዋት የምወስድላቸውን የሩዝ አጥሚት ግማሹን ይመልሱታል። ያን ቀን የራሳቸውን ሥር መዝኜ ጠቅልዬ ስሰጣቸው «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በማግሥቱ ግን ተመልሼ መዘንኩ።

ወሽመላ ሲደርስ ደስ አለኝ። ሞኝነቴን እዩልኝ። ከተማው በሙሉ በየደጃፉ ወሽመላ እየላጠ ሲበላ፣ በቃ ምክንያቱ ይኸው ነው አልኩ። ብርዱን ሙሉ አንዲት ወሽመላ በገበያ እንዳልነበረች ጠፍቶኝ አይደለም። ሰው ማመን የሚፈልገውን ነገር ሲያገኝ አይመረምርም። በሩ ላይ ቆሜ ያገኘሁትን ሁሉ «ወሽመላ በልተሃል! እጅህን አሳየኝ!» እያልኩ ሳፋጥጥ ሰነበትኩ። እትዬ ኩዋንግ የመጣችው ያኔ ነው።

እትዬ ኩዋንግ ከድልድዩ ማዶ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ትሸጣለች። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ባልዲ አኩሪ አተር በትከሻዋ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ወንዶቹ መንገድ ይለቃሉ። ያን ቀን ግን በሩን ይዛ ነው የገባችው።

«እትዬ፣ ወሽመላ በልተሻል?» አልኳት።

«እኔ? ወሽመላ? ከንፈሬ እንደ ዳቦ እንደሚነፋ እያወቅሽ! አምና ሳብጥ ጎረቤት ጠርተሽ አይደል እንዴ ያሳቅሽብኝ?»

እውነቷን ነው፤ ጠርቻለሁ። የወሽመላው ነገር እዚያው በሩ ላይ አለቀ።

ስትመጣ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ሆዷን ያስቀምጣታል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒቱን ስትጠጣ ከረመች፣ ማስቀመጡ ግን ባሰባት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምላሷን አወጣች። ሐኪሙ ወደ ፊት አዘንብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አሁንም ቢጫ ነው» አሉ። «ግትር እሳት ነው። እንጨምርለት።»

«ይጨምሩለት ሐኪም፤ እኔማ አምኜ እጠጣለሁ» አለች። «ብቻ ሆዴ ውስጥ በረዶ የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ። ትናንት ባልዲ ማንሳት አቃተኝ። አንዱን ባልዲ! ልጄ አይቶ ሱቁን እንዝጋው አለኝ።»

«አንድ ሳምንት ታገሺኝ። መራራ መሆኑን አውቃለሁ።»

እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ምላሷን አይቼዋለሁ። እርጥብ የሩዝ ዱቄት የተለቀለቀ ነበር የሚመስለው። ወረቀቱ ሲመጣ ዘጠኝ ግራም ይላል።

በእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። መዛኝ የተጠራጠረችውን ወረቀት መልሳ ለሐኪሙ ትወስዳለች። ሐኪሙ እንደገና አይቶ ልክ ነው ካለ፣ ከዚያች መድኃኒት ጎን ሁለተኛ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የእሱ ነው፣ መዛኟ ነጻ ናት። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩና ጣቴን ዘጠኙ ላይ አሳረፍኩ።

«በዛ እንዴ?» አሉ ፈገግ ብለው። «ጎበዝ። መጠየቅሽ ጥሩ ነው።» ብዕራቸውን አንስተው ከጎኑ ሁለተኛ ፈረሙ።

ነጻ ነበርኩ እንግዲህ። ሚዛኑን አነሳሁ፣ መሳቢያዋን ሳብኩ፤ በዚያው ሳምንት ስለሞላኋት እስከ አፏ ጢም ብላለች። እጄ ግን ሥሩን አልጨብጥም አለኝ።

«ሥሩ አልቋል እትዬ» አልኳት። «ነገ ነይ። እስከዚያ ያለውንም አትጠጪ፤ ካዲሱ ጋር ይጋጫል።»

«ከድልድይ ማዶ ድረስ በዚህ ጉልበቴ መጥቼ? ሠላሳ ዓመት ስትለፈልፊ ከምትኖሪ መሳቢያሽን ብታዪ ምን ነበር!» ብላኝ ወጣች። ደስ ብሎኝ ተሰደብኩ።

በማግሥቱ ጠዋት በድልድዩ ዞርኩ። ከእትዬ ኩዋንግ ልጅ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ገዝቼ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጠጣሁ። የመጨረሻዋን ጉንጭ አፌ ውስጥ እያንከባለልኩ አቆየኋት። ከዚያ ገብቼ የሐኪሙን የእጅ መስታወት አንስቼ ምላሴን አየሁ። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሆኗል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩና የሕመምተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ከደብተራቸው ቀና አሉ። «ምን ሆንሽ?»

«ምላሴን ይዩልኝ።»

«አንቺ? ስንት ዓመት ሙሉ "ምላሴን ለባሌም አላሳየሁ" ስትዪኝ አልነበረም?»

«ዛሬ ልቤ ራራልዎት።»

«እሺ፣ ምን በላሽ?»

«መጀመሪያ ይዩ። ከዚያ ይጠይቃሉ።»

ከልባቸው ሳቁ። መነጽራቸውን በሹራባቸው ጠርዝ ጠርገው መልሰው አደረጉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ብርሃን ያ መስኮት አያውቅም። ምላሴን አወጣሁ። ፊታቸው ቀረበኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ዓይናቸውን ያን ያህል ቀርቤ አይቼው አላውቅም፤ በብሌናቸው ውስጥ፣ ከጥቁሩ በስተጀርባ፣ የቆየ ሻይ የመሰለ ነገር አለ።

«ይገርማል» አሉ። «ወፍራም ቢጫ። ከጫፉ እስከ ሥሩ። ጠዋት ስትነሺ አፍሽን ይመርሻል? እስካሁን እንዴት ዝም አልሽ አንቺ ሴት?»

ምላሴን ቶሎ አልመለስኩትም። ከመለስኩት መናገሬ ነው። በመጨረሻ መለስኩት።

«የአኩሪ አተር ወተት ነው ሐኪም። አሁን ነው የጠጣሁት፣ እዚሁ ደጃፍ ላይ። አፌን አልተጉመጠመጥኩም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ ነበር።

«እንደገና አውጪው» አሉ።

አወጣሁት። ከመድኃኒት ማዘዣው አንድ ባዶ ወረቀት ቀድደው ከአገጬ ሥር ያዙት። ምላሴን ያያሉ፣ ወረቀቱን ያያሉ፤ ደጋግመው አዩ።

«ይህ ወረቀት ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ።»

«ምላስሽስ?»

«እሱም ነጭ።»

«ለእኔም ሁለቱ አንድ ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑረው በመዳፋቸው ዳበሱት። «ይህን ነጭ ነው እያልኩ የኖርኩት ወረቀት መሆኑን ስለማውቅ ነው። ዓይኔን ጠይቄው አላውቅም። ምላስን ግን የምጠይቀው ዓይኔን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ከጨረቃው በዓል ወዲህ።»

«ምን አሳወቀሽ?»

«መሳቢያዋ። በሦስት ሳምንት ማለቅ ጀመረች።»

በጣታቸው ወራቱን ቆጠሩ። ስምንት ሆነ። «አንቺስ? አንቺ ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?»

«ከብርዱ ጀምሮ» አልኩ። ውሸት ልናገር አስቤ ነበር፤ ግን ምላሴ ላይ ያለው ወተት አፈረብኝ። ደብተራቸውን ዘጉ። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ተነሡና ወደ በሩ በኩል ቀና ብለው ተመለከቱ። «መሰላሉን አምጪልኝ» አሉ።

«አላመጣም!» አልኩ። ጩኸቴ መንገድ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። «ያን ሰሌዳ ማውረድ ከፈለጉ ዘለው ያውርዱት! መሰላል የሚይዝልዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ! መጥረቢያም የለንም!» እንባዬ መጣ፤ በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ በነጣ አፌ፣ እንደ ልጅ አነባሁ።

ሐኪሙ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። «ማን ሰሌዳ አለሽ? ደብተሮቹን ነው። የሕመምተኞቹ ስም ያለበት፣ ያ ከበሩ አጠገብ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው።»

መሰላሉን አመጣሁ። ደብተሮቹን አውርደን ጠረጴዛው ላይ ስንዘረጋ፣ እኔ አፍንጫዬን እየጠረግሁ፣ እሳቸው ገጽ እየገለጡ፣ እንዲህ አሉ፤ «አስተማሪዬ ሰሌዳቸውን ሲፈልጡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከዚህ በላይ ክቡር ሰው የለም ብዬ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ግን ያን ገበሬ ያወቁት ተመልሶ ስለመጣ ነው። ሳይመለሱ የቀሩት ስንት ነበሩ? ሰሌዳው ከነደደ በኋላ እነሱን ማን ጠራቸው? እኔም አልጠየቅኋቸው።» ብሩሽና ቀለም አንስተው በትልቅ ወረቀት ላይ ጻፉ።

«ከጨረቃው በዓል ወዲህ ከእኔ ዘንድ መራራ ሥር የወሰዳችሁ ሁሉ፣ መጠጣቱን አቁማችሁ ተመለሱ። ዓይኔ ደክሞ ነጩን ቢጫ አድርጌ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሻዎ ዪንፑ።»

ካነበቡት በኋላ ከስማቸው ጎን ሁለተኛ ፈረሙ። በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ከተማው ለሦስት ቀን ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንዳንዱ ሰድቦን ሄዶ አልተመለሰም፣ መብቱ ነው። ብዙው ግን መጣ። ጀልባ ጠጋኙ ገና ከደጅ «እኔኮ "እሳት አለብህ" ስባል ለሚስቴ ነግሬ ስኮራ ነው የከረምኩት!» ብሎ ወረፋውን ሁሉ አሳቀ። ሐኪሙ ትርታ ይይዛሉ፣ ይጠይቃሉ፤ ምላሱ ሲወጣ እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ ቀለሙን እናገራለሁ።

«ነጭ።»

«እንደ ምን ያለ ነጭ?»

«እንደ ሩዝ ውኃ። ሥሩ ላይ ወፈር ይላል።»

እንደዚያ ነበር የምንሠራው። ሠላሳ አንድ ዓመት የእሳቸውን ዓይን ስመዝን ኖሬ፣ አሁን እሳቸው የእኔን ዓይን መጻፍ ጀመሩ።

እትዬ ኩዋንግ በልጇ ክንድ ተደግፋ መጣች። ሐኪሙ ተነሥተው ከወንበራቸው ፊት ቆሙና ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። እሷም ደንግጣ «ኧረ ይቀመጡ ሐኪም! ማን የማይሳሳት አለ፤ ዓይን ነው፣ ያረጃል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«አንቺስ ሩዋን? ያንቺ ዓይን ደህና አይደለም እንዴ? ስትመዝኚልኝ የከረምሽው ምን እየታየሽ ነበር?»

ደረቅ ዝንጅብሏን መዝኜ፣ ጠቅልዬ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጥሬ በሁለት እጄ ሰጠኋት። እሷም ተቀበለችኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድልድዩ ላይ አንድ ባልዲ ተሸክማ አየኋት፤ በሃያኛው ቀን ሁለት።

የሐኪሙን የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ወደ አውራጃው ሆስፒታል አውቶቡስ ይዘን የሄድነው በበጋው ነው። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ነበር የሠሩላቸው። ፋሻው በተነሣ ዕለት፣ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣ በመዳፋቸው ቀኙን ሸፍነው በግራው አዩኝ፣ ግራውን ሸፍነው በቀኙ አዩኝ።

«በዚህኛው ስትታዪ ጸጉርሽ ነጭ ነው» አሉ። «በዚህኛው ጭድ ነው። መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»

«እርስዎ ቢጫ ሲያዩ» አልኳቸው። አብረውን የተሳፈሩት ሰዎች ምን እንደሚያስቀን ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

በማግሥቱ ማለዳ በሩን ሳልከፍት ጠሩኝ። «ነይ ተቀመጪ። ወተት ጠጥተሻል?»

«ውኃም አልቀመስኩ።»

ምላሴን አወጣሁ። እንደ ቀድሞው ቀርበው ተመለከቱ፤ ያ የቆየ ሻይ የመሰለው ከአንዱ ዓይናቸው ጠፍቷል። ብዙ ቆዩ። ጽፈው ወረቀቱን ሰጡኝ። ባንኮኒው ጋ ቆሜ አነበብኩት። ደረቅ ዝንጅብል። የመንደሪን ልጣጭ። ጣፋጭ ሥር። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ መራራ ሥር፣ ሦስት ግራም።

እንደገና ነጩን ቢጫ አዩ እንዴ? ተመልሼ ሄድኩና ጣቴን መስመሩ ላይ አሳረፍኩ።

«መጠየቅሽ ጥሩ ነው» አሉ። ያኔ እንዳሉት። ከዚያ የእጅ መስታወታቸውን ዘረጉልኝ። «ግን አሁን ራስሽ እዪው። ወደ መስኮቱ ዞር በይ።»

ዞርኩ። ምላሴ የገረጣ ነበር፤ ዳር ዳሩን የጥርሴ ምልክት ተራ በተራ ተኝቶበታል፣ ሥራዬን ስሠራ ስነክሰው የከረምኩ ይመስል። ከኋላ፣ ከሥሩ፣ ጠልቆ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ቢጫ ነበረች። ብርሃኑን ቀየርኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ቀና አልኩ። ቢጫ ናት።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ሌላው ብርድና ድካም ነው። ይቺ ግን ሳትናገሪ የያዝሽው ነገር ናት» አሉ። «ውስጥ ሲከርም ይሞቃል። ከብርዱ እስከ ወሽመላው ድረስ ብዙ ጊዜ ነው ሩዋን።»

«ሰሌዳውን ያወርዳሉ ብዬ ፈራሁ» አልኩ። «እያንዳንዱን ጥቅል እያወቅሁ መዘንኩ። የእርስዎንም የመዘንኩት እያወቅሁ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም እያመንኩ ጠጣሁት።» ብዕራቸውን አንስተው ከመራራው ሥር ጎን ሁለተኛ ፈረሙ።

መሳቢያዋን ሳብኩ። ከወሽመላው ወቅት ወዲህ ስላልሞላኋት ግማሽ ደርሳ ነበር። ሦስት ግራሙን መዝኜ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ በክር አስሬ የራሴን ስም ጻፍኩበት። ቤቴ ወስጄ አፈላሁት። መራራ ነበር። አተላውን ሳላስቀር ጠጣሁት።